በር ላይ አትቁሙ

የሰው ቤት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ገና ከደጁ ስትደርሱ እግራችሁ በራሱ ፈቃድ ወደ ውስጥ የሚሄድበት ነው። ሌላው «ግቡ፣ ግቡ» እየተባላችሁ እንኳ ልባችሁ የመጣችሁበትን መንገድ የሚያይበት ነው። ልዩነቱን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ እንኳን ሰው ድመትም ታውቀዋለች። እኔ እስካለፈው ዓመት ድረስ ያላወቅሁት ይህ ነገር ስልክ ውስጥም መኖሩን ነው። ስልክ ውስጥም ቤት አለ፣ ደጅ አለ፣ የሚያስገባና የማያስገባ ሰው አለ። ይህን የምነግራችሁ አምቦ ላይ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ኮፒ ቤት ያለኝ፣ ዕድሜዬ ለልጅ ልጅ የደረሰ ሴትዮ መሆኔ ሊገርማችሁ ይችላል። እኔንም ገርሞኛል።

ነገሩ የጀመረው ከወንበር ላይ ነው። የሱቄን የላይኛውን መደርደሪያ አቧራ ልጠርግ ወንበር ላይ ወጣሁ። መውጣቱን በደንብ ወጣሁ፤ መውረዱ ላይ ነው የተቻኮልሁት። ግራ እግሬ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ተሰበረ። ሐኪሙ በጀሶ ጠቅልሎ «ዕረፍት ያስፈልግዎታል» ብሎ ሰደደኝ። አዲስ ተመራቂ ሳይሆን አይቀርም። በእኛ አገር ታሞ ማረፍ የሚባል ነገር አለ እንዴ? የታመመ ሰው ሥራው እንግዳ መቀበል ነው። ጤነኛ ሳለሁ ቤቴ ሰው የሚመጣው አልፎ አልፎ ነበር፤ እግሬ ሲሰበር ግን ግማሹ አምቦ ብርቱካን ይዞ መጣ። ሁሉም እንዴት እንደወደቅሁ ከመጀመሪያው እንድነግረው ይፈልጋል። ሁሉም ደግሞ ልክ እንደ እኔ ወድቆ «ከዚያ ወዲያ መቼ እንደ ሰው ቆመ» የሚባልለት ዘመድ አለው። ይህን የሚያወሩልኝ እኔን ለማጽናናት ነው።

ከጠያቂዎቼ ሁሉ የማይቀሩት ሁለት ነበሩ። አንዷ ዘይነባ ናት። ከሱቄ ጎን ጨርቅ ትሸጣለች፤ ወላጆቿ ከስልጤ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ ሦስት ቋንቋ በአንድ ትንፋሽ ትጨርሳለች። ሌላው ጎረቤቴ ኦቦ ዲሪባ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። በሰፈራችን ሠርግም ይሁን ለቅሶ እሳቸው ሳይመርቁ ሰው አይነሣም። ምርቃታቸው ረጅም ብቻ ሳይሆን ጥንቁቅ ነው። ሌላው ሽማግሌ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ይወጣል። ኦቦ ዲሪባ ግን እጃቸውን ዘርግተው የግራ እግሯን፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ ወደ ውስጥ በኩል ያለውን አጥንት ብለው ለይተው ነው የሚያስረዱት። ለምን ይህን ያህል እንደሚደክሙ ጠየቅኋቸው። ምርቃት ላይ መሸፋፈን ነውር ነው፣ የሚሰማው አካል ምን እንደተጠየቀ በትክክል ማወቅ አለበት አሉኝ። ይህን ነገራቸውን ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ጠያቂ በሌለበት ሰዓት ደግሞ ቤቱ ጭር ይላል። አዳማ የምትሠራው ልጄ ሜሮን እንዳይከፋኝ ብላ ስልኬ ላይ ቪዲዮ የሚታይበትን ነገር ጫነችልኝ፤ ስሜንም «የሜሮን እናት» ብላ አስገባችው። እኔ የገባሁት ስብራት የሚጠግን ምግብ ልፈልግ ነበር። ስልክ ግን የጠየቃችሁትን ሳይሆን ራሱ የወደደውን የሚያሳይ ዕቃ ነው። ጌም ከሚጫወቱ ወጣቶች ፊት አስቀመጠኝ። ላይቭ ይገባሉ፤ እነሱ ይጫወታሉ፣ ሌላው በየቤቱ ሆኖ ሲጫወቱ ያያል፣ ደስ ያለውን ይጽፍላቸዋል። ሰው ሲጫወት ቁጭ ብሎ ማየት ምን ይባላል ብዬ ነበር። ከዚያ አሰብሁት። ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ቤት ተኮልኩሎ የሚጮኸው ወንድ ሁሉ ራሱ እየተጫወተ ነው እንዴ? ስለዚህ እኔም ትራሴን ደገፍ ብዬ ማየት ጀመርሁ።

የመጀመሪያው ልጅ ይጮኻል። ገብቼ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ» ብዬ ጻፍሁ፤ ያየኝ የለም። ሲሸነፍ ደግሞ የሚያዩትን ሰዎች ይሰድባል። እኛ ምን አደረግነው? ወጣሁ። ሁለተኛው ትልቅ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ በጎኑ ብቻ ይታያል፤ አገልግሎት ፈልጋችሁ መስኮት ላይ ስትቆሙ ቀና የማይለውን የመሥሪያ ቤት ሰው ታውቁት የለ? እሱን ነው የሚመስለው። ሦስተኛው ስጦታ የላከለትን ብቻ በስም እየጠራ ያመሰግናል፤ ሌሎቻችን ደጁ ላይ እንደቆምን ቀረን። በተሰበረ እግሬ እንዲህ ቤት ለቤት ስዞር ከርሜ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሌንሳ ጋ ደረስሁ።

ገና ስሜ ብቅ ከማለቱ፣ «ሴና፣ ሴና፤ ግቡ፣ በር ላይ አትቁሙ። የሜሮን እናት፣ እንኳን ደህና መጡ» አለች፣ በኦሮምኛም በአማርኛም። ደነገጥሁ። ተጋድሜ ስለነበር ነጠላዬን አስተካክዬ ቁጭ አልሁ። ሌንሳ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ያላገኘች ወጣት ናት፤ ፊቷ ክብ፣ ሳቋ ቅርብ ነው። የምትጫወተው የዞምቢ ጌም ነው። ዞምቢ ማለት ሞቶ የተነሣ፣ እየተንገዳገደ የሚሄድ፣ ሰው የሚበላ ፍጥረት ነው። እሷ አንድ የተተወ ቤት ገብታ በሩንና መስኮቱን ሳንቃ እየመታች ትዘጋለች። እነሱ ከውጭ ይደበድባሉ። እንዳይገቡባት ትጠብቃለች፣ ከገቡ ትተኩሳለች፣ ካልቻለች ትበላለች። ጨዋታው ይኸው ነው።

ችግሩ፣ ጨዋታው አይቆምም። እንግዳ መጥቶብኛልና ቆዩኝ ቢሏቸው የሚሰሙ ዓይነት አይደሉም። እኔ ደግሞ ባደግሁበት ሥርዓት «ሃይ» ብዬ ሰው ቤት አልገባም። እንዴት ዋልሽ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ፣ ከብቱስ፣ ዝናቡ እናንተ ጋ ጣለ ወይ ብዬ እጽፋለሁ። ሌንሳ ሁሉንም ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሁሉንም በተራ ትመልሳለች፣ መልሳ ደግሞ የእኔን እግር ትጠይቃለች። ዝናቡ ጋ ስትደርስ በሩ ይሰበራል። በእኔ ሰላምታ ስንት ጊዜ እንደተበላች ፈጣሪ ይወቀው። አንድም ቀን ግን «እማማ፣ አሳጥሩልኝ» አላለችኝም። እኔ ብቻ አይደለሁም ታዲያ። ከጉደር አንዲት ነርስ፣ ከነቀምቴ መንገድ አንድ ጎማ ጠጋኝ፣ ሌላም ሌላም ይገባል፤ ሁሉንም በስሙ ታስገባዋለች። ለጌሙ የመጣ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ውሎ አድሮ ዘይነባና ኦቦ ዲሪባም ከአልጋዬ ጠርዝ ተቀምጠው ማየት ጀመሩ። ኦቦ ዲሪባ መጀመሪያ የጠየቁት የእነዚህ ሙታን ዘመዶች ወዴት ሄደው ነው በወጉ ያልቀበሯቸው ብለው ነው። ጥያቄያቸውን ጻፍሁላት። ሌንሳ እስክትበላ ሳቀች።

አንድ ቀን በመሃል ከኋላዋ የሳል ድምፅ ተሰማ። ሌንሳ ድምፁን ቶሎ አጠፋችና ቆይታ ተመለሰች፤ በሹክሹክታ አባቷ መሆናቸውን ነገረችን። እህል ነጋዴ ናቸው። ኮምፒውተሩን የገዙላት ሥራ እንድታመለክትበት ነው። እሷ ደግሞ ለአንድ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ጽሑፍ እየጻፍሁ ነው ብላቸዋለች። «ጌም መሆኑን ካወቀ ኮምፒውተሩ ይሸጣል፣ እኔም አዲስ አበባ አክስቴ ሱቅ ልቆም እሄዳለሁ፤ ያኔ ይህ ቤት ይዘጋል» አለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በክራንች ሆኜ ያለ አሳንሰር፣ ያለ ታክሲ የምገባበት ሌላ ቤት አልነበረኝም። ሦስታችንም ለማንም ላንናገር ተማማልን።

ብዙ ሳይቆይ ድምፅዋ ጎረነነ። ጉሮሮዬን አሞኛል፣ ትኩሳትም አለኝ አለችና ቶሎ ወጣች። በማግስቱ አልገባችም። ከዚያም አልገባችም። በየቀኑ ከሰዓት ስልኬን ከፍቼ የተዘጋ በር አያለሁ። ሌላ አገር ቢሆን ተመልካች ወደ ሌላ ቤት ይሄድ ነበር ይሆናል። እኛ ግን የታመመ ሰው ሳይጠየቅ እንዴት ይቀራል? ሰላምታዬን ስታነብ ስንቴ የሞተች ልጅ እሷ ታማ እኔ ዝም ልበል? ዘይነባ «ነውር ነው» አለች። ኦቦ ዲሪባም ነውር ነው አሉ። ምስጢሯስ ስል፣ ምስጢሯን ይዘን እንጠይቃታለን ተባለ።

የት እንዳለች ማግኘቱ ያን ያህል አልከበደም። ከኋላዋ ባለው መስኮት የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሲያልፍ ይታየናል፤ ከጎኗ ወፍጮ ይጮኻል፤ አንዴ ደግሞ እሑድ ዕለት ደንዲ ሐይቅ ወጥተን ነበር ብላለች። ይህ በእኛና በአዲስ አበባ መካከል መንገድ ላይ ያለው ጊንጪ ነው። ጊንጪ ላይ ከወፍጮ ጎን የሚኖር፣ ሌንሳ የምትባል ልጅ ያለችው እህል ነጋዴ ማነው? ኦቦ ዲሪባ ለእህታቸው አማት ደወሉ። ኦቦ ቶሎሳ ናቸዋ ተባለ። ልጆች ኢንተርኔት ላይ እንዴት እንደሚደበቁ ሲማከሩ እሰማለሁ፤ ከኢንተርኔት መደበቅ ይቻል ይሆናል፣ ከእህት አማት ግን አይቻልም።

በሚኒባስ ሄድን። ጀሶዬ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ስለያዘ ረዳቱ በክፉ ዓይን አየኝ። መንገድ ላይ የምንለውን ተማከርን። የሥራ ባልደረቦቿ ነን እንላለን። እኔ ኮፒ ቤት ስላለኝ ጽሑፍ ሥራ ላይ ነኝ ብል ውሸት አይባልም። ዘይነባ ደንበኛ ሆነች። ኦቦ ዲሪባን ዘይነባ የሰው ኃይል ኃላፊ አደረገቻቸው። ቅር እያላቸው እሺ አሉ፤ እሳቸው ግን ምንም እንደማይናገሩ አስታወቁ። እኛም የምንፈልገው እሱን ነበር።

ከወፍጮው ጎን ያለውን የቆርቆሮ በር ስናንኳኳ ረጅም፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰው ከፈቱ። ማን ናችሁ አላሉንም። «ሴና፣ ሴና፤ ግቡ፣ በር ላይ አትቁሙ» አሉን። ዘይነባ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ልጅቷ ይህን ነገር ከየት እንዳመጣችው ያን ጊዜ ገባን። ወንበር ተሳበ፣ ለእግሬ በርጩማ መጣልኝ፣ ከጓዳ የምሳ ሽታ መምጣት ጀመረ፤ ማንነታችን የተጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። የሥራ ሰዎቿ ነን አልን። ኦቦ ቶሎሳ ደስ አላቸው። ከዚያ ድረስ ለልጄ ብላችሁ መጣችሁ ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ሌንሳ ፎጣ ጠምጥማ ከውስጥ ወጣች። በመልክ አታውቀንም። ጀሶውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ ከዚያ አባቷን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ። «የሜሮን እናት ነኝ፣ ከሥራ» አልኋት። ገባትና ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ እንዲያው አፍ የሚያስከፍት ንጹሕ ሥራ ነው የሠራነው። ኦቦ ቶሎሳ ልጄ ሥራ ላይ እንዴት ናት አሉ። ዘይነባ ሰው አቀባበሏን የማያመሰግን የለም አለች። እኔም በሥራ ላይ ሕይወቷን እስከመስጠት ትደርሳለች አልሁ። አንድም የሐሰት ቃል ከአፋችን አልወጣም። አባት በየመልሱ ወደ ልጃቸው እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሌንሳ ቀስ በቀስ መተንፈስ ጀመረች። ኦቦ ዲሪባ ቃላቸውን ጠብቀው ዝም አሉ። ብርቱካኑን አስረክበን፣ እግዜር ይማርሽ ብለን፣ ልንሄድ ተነሣን።

ተነሣን እንጂ፣ ሳይመረቅ በሽተኛ ቤት ወጥቶ የሚኬደው እንዴት ነው? ኦቦ ዲሪባ ጋቢያቸውን አስተካክለው እጃቸውን ዘረጉ። ኦቦ ቶሎሳም ደስ ብሏቸው መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ሁላችንም ዘረጋን።

«ይህ ቤት ይሙላ» አሉ ኦቦ ዲሪባ። አሜን አልን። «ጎተራው አይጉደል።» አሜን። «የሌንሳ ጉሮሮ ይጽዳ፣ ድምፅዋ ይመለስ።» አሜን። «ላይቭ ስትገባ ኔትወርኩ አይቆረጥባት።» ኦቦ ቶሎሳ ከሁላችን ጮክ ብለው አሜን አሉ፤ ስለ ኔትወርክ አሜን የማይል ሰው ጊንጪ ውስጥ አይገኝም። «ተመልካቿ ይብዛ።» አሜን። እዚህ ላይ እኔና ዘይነባ ተያየን። ምርቃት ደግሞ መሃል ላይ አይቋረጥም። «በሯን የሚደበድቡት ሙታን አይግቡባት፤ ከገቡም ጥይት አትጣ።» አሜን። የኦቦ ቶሎሳ አሜን ዝቅ አለ፤ ግን አሉት። እጅ ተዘርግቶ ከተጀመረ በኋላ አፍ በራሱ ነው የሚሄደው። «ይህ የምትጫወትበት ኮምፒውተር ከዚህ ቤት አይውጣ።» አሜን አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

ዘይነባ በኦቦ ዲሪባ ጆሮ ምን አደረጉን አለች። እሳቸውም በጆሮዋ፣ እግዜርን ፊት ለፊት የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ፣ ልጅቷም ጸሐፊ ናት ልበለው እንዴ አሏት። እስከ ዛሬ ድረስ ሆን ብለው ይሁን ከልማድ አላወቅሁም። ብጠይቃቸውም ያው መልስ ነው የሚሰጡኝ።

ኦቦ ቶሎሳ እጃቸውን እንደዘረጉ ሙታን የተባሉት የትኞቹ ናቸው ብለው ጠየቁ። ሌንሳ ማልቀስ ጀመረች። እያለቀሰች ሁሉንም ተናገረች፤ ጌሙን፣ ላይቩን፣ መሥሪያ ቤት የሚባል አለመኖሩን፣ እኛም ከአምቦ የመጣን ተመልካቾች መሆናችንን። እኔ በክራንቼ ተደግፌ መሬት ተሰንጥቃ በገባሁ ብዬ ተመኘሁ። የልጅቷን ቤት በገዛ ብርቱካናችን ዘጋነው አልሁ በልቤ።

አባትዬው መዳፋቸውን አዩ። «እንግዲህ አሜን ብያለሁ» አሉ። «አሜን ያልሁበትን አላፈርስም፤ ኮምፒውተሩ አይወጣም።» ከዚያ ወደ ሌንሳ ዞሩ። «ይህን ሁሉ ሰው ግቡ፣ ግቡ ስትዪ፣ እኔን ለምንድን ነው በር ላይ ያቆምሽኝ?»

ሌንሳ ተነሥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ዘይነባ አለቀሰች፤ እኔም እግሬን ያመመኝ መስዬ አለቀስሁ። ኦቦ ቶሎሳ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና፣ ምሳ እስኪቀርብ ድረስ አሳዪኝ አሉ። እኛም ማንም ሳይበላ ከዚህ አይሄድም ተባልን።

ኮምፒውተሩ ወዳለበት ክፍል ወንበር ተሸክመን ገባን። ሌንሳ ዓይኗ ገና እንዳበጠ ጌሙን ከፈተች። ያው የተተወ ቤት መጣ። በሩን በሳንቃ ዘጋች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ አባቷ ከኋላዋ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ትንሽ ቆይቶ እነዚያ ሙታን እየተንገዳገዱ መጡና በሩን መደብደብ ጀመሩ። ሌንሳ ጠበቀች። ድብደባው በረታ።

ኦቦ ቶሎሳ ወንበራቸው ላይ መቁነጥነጥ ጀመሩ። እኛን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፤ እንግዶች ፊት እንደ ማፈር አደረጋቸው። በመጨረሻ መታገሥ አቃታቸው።

«ልጄ፣ ሰው ሲያንኳኳ እየሰማሽ ዝም ትያለሽ? ክፈቺላቸው እንጂ፣ በር ላይ አታቁሚያቸው።»

ሌንሳ ዞር ብላ አየችኝ። ምን ልበላት? ቤቱ የአባቷ ነው። ራሴን ነቀነቅሁላት። ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ ነቀለችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ገቡ፣ ከበቧት፣ በሏት።

ኦቦ ቶሎሳ ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩ።

«አይ፣ ርቧቸው ኖሯል» አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ወደ ምሳው ጠሩን።